ቀጠሮዎቹ ከሴልስፎርስ ጠፍተዋል ወይስ ቦታ ቀይረዋል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የላቦራቶሪ መሣሪያ አስመጥተን የምንሸጥና የምንጠግን ድርጅት ነን። 14 የሽያጭና የጥገና ሠራተኞቻችን ሴልስፎርስ የሚባለውን የደንበኛና የሽያጭ መረጃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፤ ኢሜይላችንና ካላንደራችን የጉግል ነው። ሁለቱን ካገናኘናቸው ሦስት ወር ሆኖናል፤ ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ይጠፋል። አንዳንዱ በሠራተኛው ስልክ ላይ አለ፣ ሴልስፎርስ ላይ ግን የለም። አንዳንዱ ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም። በ2018 መጀመሪያ ከኤክሴል ያስገባናቸው ወደ 600 የሚሆኑ የጥገና ቀጠሮዎች ደግሞ ሲገቡ ተሳክቷል ተብለን ነበር፤ አሁን ግን ሪፖርት ላይ አንድም አይታዩም። ኔትወርካችን ስለሚቆራረጥ ይሆን ብለን እንጠረጥራለን። ግንኙነቱን አቋርጠን እንደገና ብናገናኘው ይመለሳሉ? ካልሆነስ ከባክአፕ ማስመለስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ግንኙነቱን አያቋርጡት። ከጠየቋቸው ሁሉ አስቸኳዩ ይህ ስለሆነ አስቀድሜዋለሁ። አቋርጦ መልሶ ማገናኘት የጠፋ ቀጠሮ አይመልስም፤ አዲሱ ግንኙነት የሚያነበው በዚያች ሰዓት በሁለቱ ወገን ያለውን እንጂ ከወር በፊት የነበረውን አይደለም። ይልቁንም በሁለቱም ወገን በደህና የተቀመጡት ቀጠሮዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ማያያዣ ሊበጠስና እያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ጊዜ ሊጻፍ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ሠራተኞችዎ ድርቡን ለማጽዳት ብለው በእጃቸው መሰረዝ ይጀምራሉ፤ አሁን የቀረው ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ማንም ሰው ቀጠሮ እንዳይሰርዝ፣ የጠፋውንም በግምት ደግሞ እንዳይመዘግብ ለሁሉም ያሳውቁ።

የኔትወርክ መቆራረጥን ከተጠርጣሪዎቹ መካከል ያውጡት። በሴልስፎርስና በጉግል መካከል ያለው ማመሳሰል የሚካሄደው በሁለቱ ኩባንያዎች ሰርቨሮች መካከል ነው፤ ቢሮዎ መብራት ቢጠፋም ራውተሩ ቢዘጋም ሥራው አይቆምም። ኔትወርክ የሚነሳበት ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ባለሙያው ኔትወርክ በማይደርስበት የሆስፒታል ምድር ቤት ሆኖ ቀጠሮ በስልኩ ሲመዘግብ ነው። ያ ቀጠሮ ስልኩ እስኪገናኝ ድረስ ስልኩ ውስጥ ብቻ ይቆያል። ይህም ቢሆን መዘግየት እንጂ መጥፋት አይደለም።

ዋናው ስሕተት ግን «ጠፋ» የሚለው አንድ ቃል ለአራት የተለያዩ ነገሮች ማገልገሉ ነው። ከጉግል ወደ ሴልስፎርስ ከመጀመሪያውም ያልተሻገረ ቀጠሮ አለ፤ ተሻግሮ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ዓመት ላይ የተቀመጠ አለ፤ በቦታው ሆኖ ለተመልካቹ የተሰወረ አለ፤ በእርግጥም የተሰረዘ አለ። መፍትሔያቸው አይገናኝም፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሳል። የነገሩኝ ምልክቶች ሦስት ዓይነት መሆናቸው ራሱ ምክንያቱ አንድ እንዳልሆነ ያሳያል፤ ስለዚህ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ሁሉን የሚመልስ መፍትሔ መፈለጉን ይተዉት።

መነሻው እንዲህ ይሁን። ከሦስቱም ዓይነት ሦስት ሦስት ቀጠሮ ይምረጡ፤ የማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሆነና መቼ መሆን እንደነበረበት በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ መረጃን በጅምላ በሚያስገባውና በሚያወጣው የሴልስፎርስ መሣሪያ፣ በዳታ ሎደር፣ የኢቨንት (የቀጠሮ መዝገብ) ሰንጠረዡን «ኤክስፖርት ኦል» በሚለው ምርጫ ያውጡ። ተራው «ኤክስፖርት» አይበቃዎትም፤ የተሰረዙትንና ማህደር የገቡትን አያመጣም። በሚወጣው ፋይል ውስጥ የመዝገቡን መለያ፣ ባለቤቱን፣ የሚጀምርበትን ሰዓት፣ የተፈጠረበትንና መጨረሻ የተነካበትን ቀን፣ መጨረሻ የነካውን ሰው፣ እንዲሁም «ኢዝ አርካይቭድ» (ማህደር ገብቷል) እና «ኢዝ ዲሊትድ» (ተሰርዟል) የሚባሉትን ሁለት ምልክቶች ያካትቱ። ይህ ፋይል ካላንደሩም ሪፖርቱም የማያሳዩትን ያሳያል፤ ዘጠኙን ቀጠሮዎች በዚህ ፋይል ውስጥ ከፈለጓቸው ክርክሩ ግማሹን ያህል ያልቃል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፋይሉ የሚያሳየው ሰዓት በግሪንዊች ሰዓት ሊሆን ስለሚችል የአዲስ አበባ ሰዓት ከዚያ 3 ሰዓት እንደሚቀድም አይርሱ።

አሁን ወደ 600ዎቹ ልምጣ፤ የጉዳዩ ከባድ ክፍል እዚህ ነው፤ መልሱም በፋይሉ የቀን ዓምድ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የኤክሴል ፋይሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ከነበረ ቀጠሮዎቹ አልጠፉም፤ ወደ ኋላ ሰባት ዓመት ተጉዘዋል። ኅዳር 5 ቀን 2018 ለሚደረግ ጥገና ጸሐፊዋ 5/3/2018 ብላ ጽፋለች እንበል። ትክክለኛው ቀን እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ነው። ኤክሴል ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም፤ ቁጥሩን እንደ ኮምፒውተሩ አቀማመጥ ወይ ማርች 5 ቀን 2018 ወይ ሜይ 3 ቀን 2018 ብሎ ይይዘዋል። ሁለቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያሉ ትክክለኛ ቀኖች ስለሆኑ ሴልስፎርስ ያለ ቅሬታ ይቀበላቸዋል። «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ቀኑ ሊነበብ የሚችል ነው ማለት እንጂ እርስዎ ያሰቡት ቀን ነው ማለት አይደለም።

ከዚያ ሁለተኛው ነገር ይከተላል። ሴልስፎርስ ካለፉ ከ365 ቀናት በላይ የሆናቸውን ኢቨንቶች በራሱ ጊዜ ወደ ማህደር ያስገባል፤ ማህደር የገባ ኢቨንት ደግሞ በሪፖርትና በተራ ፍለጋ ውስጥ አይካተትም። በእርስዎ ፋይል ውስጥ ያሉት ቀኖች ሁሉ እ.ኤ.አ. 2018 ላይ ከወደቁ ሁሉም እንደ አሮጌ መዝገብ ተቆጥረው ማህደር ይገባሉ ማለት ነው። «አንድም አይታይም» ማለትዎ ወደዚህ ጥርጣሬ የመራኝ ለዚህ ነው፤ የፈቃድ ወይም የማመሳሰል ችግር ቢሆን ከ600 ውስጥ ጥቂቱ መታየቱ አይቀርም ነበር። በኤክስፖርት ኦል ፋይሉ ላይ የሚጀምርበት ዓመት 2018 የሆነና የማህደር ምልክት ያለበት መዝገብ ካገኙ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። ማህደር የሚገባበት የቀን ገደብ በድጋፍ ክፍሉ በኩል እንዲራዘም መጠየቅ እንደሚቻል ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ እውነት ነው፣ ለእርስዎ ግን አይጠቅምም። ገደቡ ቢራዘም የሚያገኙት በ2018 ፈረንጅ የተጻፈ የጥገና ቀጠሮ ነው፤ ችግሩ ቀኑ ነው።

ቀኑን ሲያስተካክሉ ዓመቱ ላይ 7 ወይም 8 መደመር በቂ እንዳይመስልዎ። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ከመሆኑ በተጨማሪ ወሩና ቀኑም ይለያያሉ። ጳጉሜን ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት፦ ጳጉሜን 3 በ3/13 መልክ ከተጻፈች፣ ወሩን ያስቀደመ አቀማመጥ ማርች 13 ብሎ በደስታ ይቀበላታል፤ ቀኑን ያስቀደመው ግን 13ኛ ወር የለም ብሎ ይጥላታል። ዳታ ሎደር የተቀበላቸውንና የጣላቸውን መስመሮች በሁለት የተለያዩ ፋይሎች ያስቀምጣል፤ የስሕተት ፋይሉን ማንም አይከፍተውም፤ እርስዎ ግን ይክፈቱት። 600 ያሉት ቁጥር ምናልባት 587 ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ የቀሩት ከመጀመሪያውም አልገቡም ማለት ነው።

የጥገና ውል የምትዋዋሉት ለሁለት ለሦስት ዓመት ስለሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ቢሮዎች የኤክሴል ቀመር መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ያሰላል። 2018 ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን 2019 ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዓመት ስለሆነ መስከረም 1 ቀን 2020 የሚውለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው፤ የአንድ ቀን ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ 2028 መጨረሻ ይዘልቃል። ያን ጊዜ ቀጠሮው አይጠፋም፤ ባለሙያው ግን አንድ ቀን ቀድሞ ደንበኛው በር ላይ ይገኛል። ስለዚህ ልወጣውን ይህን በየአራት ዓመቱ የሚመጣ የጳጉሜን 6 ዙር በሚያውቅ መቀየሪያ ይሥሩትና ውጤቱን በዓመት፣ በወር፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ ማለትም 2025-11-14 በሚለው ዓይነት አጻጻፍ ያስቀምጡ። ይህ አጻጻፍ ወርና ቀንን የማቀያየርን በር ይዘጋል። በዳታ ሎደር ቅንብር ውስጥ ያለው የሰዓት ክልልም የምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን አስቀድመው ይመልከቱ፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ቀጠሮ በሰዓታት ይንሸራተታል፤ አንዳንዱም ቀን ይለውጣል።

መዝገቦቹን በማስተካከሉ ላይ ምክሬ ግልጽ ነው፦ ማህደር የገቡትን መዝገቦች አንድ በአንድ ለማረም አይሞክሩ። ከመነሻው ኤክሴል ተነሥተው ቀኑ የተለወጠ አዲስ ፋይል ያዘጋጁ፤ በአንድ ተጨማሪ ዓምድ የአሮጌውን መዝገብ መለያ ያኑሩ፤ በመጀመሪያ 5 መስመር ብቻ ያስገቡና በካላንደሩ ላይ በዓይንዎ ይዩ፤ ልክ ከሆነ ቀሪውን ያስገቡ። አሮጌዎቹን የሚሰርዙት አዲሶቹ ሁሉ በቦታቸው መሆናቸውን ቆጥረው ካረጋገጡ በኋላ ነው። ከማስገባትዎ በፊት የማመሳሰሉን አቅጣጫ ለጊዜው ከጉግል ወደ ሴልስፎርስ ብቻ እንዲሆን ያድርጉት። ይህ ከማቋረጥ የተለየ ነው፤ መለያዎቹ እንደተገናኙ ይቆያሉ። ይህን ካላደረጉ 600 ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ወደ ሠራተኞቹ ጉግል ይፈስሳል፤ ተጋባዥ የተጻፈባቸው ካሉም ለደንበኞችዎ የግብዣ ኢሜይል ሊደርሳቸው ይችላል። አንድ ደንበኛ ለተፈጸመ ጥገና ግብዣ ሲደርሰው የሚያስበውን ለእርስዎ አልነግርም።

በስልክ ላይ እየታዩ ሴልስፎርስ ላይ የሌሉት ሁለተኛዎቹ ቀለል ይላሉ። ሠራተኛው ስልኩ ላይ የሚያየው የጉግልን ካላንደር ነው፤ እዚያ መታየቱ ቀጠሮው እንዳልተሻገረ እንጂ እንዳልጠፋ ማረጋገጫ ነው። ያገናኛችሁት ኢሜይልና ካላንደርን ከሴልስፎርስ ጋር በሚያያይዘው የራሱ የሴልስፎርስ መሣሪያ፣ በአይንስታይን አክቲቪቲ ካፕቸር፣ እንደሆነ ወስጃለሁ። ይህ መሣሪያ የሚያመሳስለው የእያንዳንዱን ሠራተኛ ዋና ካላንደር ብቻ ነው። አንድ ሰው ጉግል ላይ «ጥገና» ወይም «ሽያጭ» የሚል የጋራ ካላንደር ከፍቶ ቀጠሮውን እዚያ ከጻፈው ለዘላለም አይሻገርም። ስለዚህ ስልኩ ላይ ቀጠሮውን ይክፈቱና በየትኛው ካላንደር ሥር እንደተመዘገበ ያንብቡ፤ ከሠራተኛው ስም ወይም ኢሜይል የተለየ ካዩ ምክንያቱን አገኙ። የጋራ ካላንደር የምትወዱት ከሆነ ቡድኑን ለማየት ይጠቅማል፤ ደንበኛ ያለበት ቀጠሮ ግን በዋናው ላይ መጻፍ አለበት።

ቀጠሮው በዋናው ካላንደር ላይ ሆኖም ካልተሻገረ የግለሰቡን ግንኙነት ይመልከቱ። ሠራተኞቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፈቃድ የተገናኙ ከሆነና ግንኙነቱ የጂሜይል ፈቃድን የሚጨምር ከሆነ፣ አንድ ሰው የጉግል የይለፍ ቃሉን በቀየረ ቁጥር ጉግል ያንን ፈቃድ ይሰርዘዋል። ሠራተኛው ምንም አይሰማውም፤ ኢሜይሉ ይሠራል፣ ስልኩ ይሠራል፤ የቆመው በስተጀርባ ያለው መስመር ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ የይለፍ ቃል የሚያስቀይር ደንብ ካላችሁ «ከተገናኘን ሦስት ወር ሆኖናል» ካሉት ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም እርስዎ ይፍረዱ። የሥርዓቱ አስተዳዳሪ (አድሚኑ) በማመሳሰያው ገጽ ላይ የማን ግንኙነት እንደወደቀ ማየት ይችላል፤ ለዚያ ሰው ብቻ ፈቃዱ ይታደስ። ይህ ሁሉንም ከማቋረጥ ጋር አንድ አይደለም፤ የአንድን ሰው የወደቀ ፈቃድ ማደስ ተገቢ ጥገና ነው።

ከዚህ ውጪ ያሉት ጥቂት ናቸው። ሠራተኛው በማመሳሰያው ቅንብር ውስጥ ስሙ ያልተካተተ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ተቀጣሪ ላይ ይህ የተለመደ ነው። የውስጥ ሰዎች ብቻ ያሉበት ስብሰባ በቅንብሩ ተከልክሎ ሊሆን ይችላል። ከ14 ቀን የሚረዝም ኢቨንት ደግሞ ሴልስፎርስ አይቀበልም፤ የወር ሥልጠና ወይም የዓመት ፈቃድ በአንድ ረጅም መስመር የተጻፈ ከሆነ የማይታየው በዚህ ነው።

ሦስተኛዎቹ፣ «ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም» ያሏቸው፣ ሁለት ተፈጥሮ አላቸው፤ ወይ ሰዓት ተሻግረዋል ወይ ተሰርዘዋል። ሰዓቱን ያስቀድሙ። ቀጠሮውን በስሙ ፈልገው ካገኙት መሆን ከነበረበት ሰዓት በስንት እንደሚለይ ይቁጠሩ፤ ልዩነቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው፦ ሠራተኛው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ያለውን ቀጠሮ 4፡00 ብሎ ጽፎታል፤ ሶፍትዌሩ ለሊት ላይ አስቀምጦታል። ካላንደሩ ሲከፈት የሥራ ሰዓትን ስለሚያሳይ ወደ ላይ ገፍቶ ያላየ ሰው ቀጠሮው የለም ይላል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ከቀኑ 11 ሰዓት ያለው ነው፤ 11፡00 ተብሎ ሲጻፍ ረፋድ ላይ ይቀመጣል፣ የሚያጠራጥር ነገር የለውም፣ ባለሙያው በስድስት ሰዓት ቀድሞ ይሄዳል። የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ይጻፍ የሚል አንድ መስመር መመሪያ ማንኛውም ቅንብር ከሚያመጣው በላይ ይጠቅማችኋል፤ እኔ ያየሁት አንድ ቢሮ ይህንኑ በግድግዳ ላይ ለጥፎ ነው የተገላገለው።

ልዩነቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ከሆነ የተጠቃሚው የሰዓት ክልል አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ላይ እንደቀረ ይወቁ። የድርጅቱ ነባሪ ቅንብር ሳይለወጥ ተጠቃሚ ሲፈጠር አዲሱ ሰው ያንን ይወርሳል። በአዲስ አበባ ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሆነ ቀጠሮ ለእርሱ እሑድ ማታ በፈረንጅ ሰዓት 10፡00 ወይም 11፡00 ላይ ይታያል፤ የሥራ ቀናትን ብቻ የሚያሳይ እይታ ከመረጠ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ስለሚቀይሩ ልዩነቱ በወቅቱ 10 ወይም 11 ይሆናል፤ ሳይነካ «በራሱ የተንቀሳቀሰ» ቀጠሮ ካጋጠማችሁ ይህንን ያስቡ። ልዩነቱ 3 ከሆነ አንድ ቦታ ላይ የግሪንዊች ሰዓት ሳይለወጥ ገብቷል፤ 1 ከሆነ በዱባይ ሰዓት የተዘጋጀ ስልክ ወይም ኮምፒውተር አለ። በተጠቃሚው ቅንብር ላይ አዲስ አበባን ካላገኙ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድሙ ናቸው፤ ልዩነት የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ተብለው የተመዘገቡት ብቻ በዚህ አይነኩም፤ እነርሱ በቦታቸው ሆነው ሰዓት ያላቸው ብቻ ከተሰወሩ የሰዓት ክልል ጉዳይ መሆኑ ይበልጥ ይጠነክራል።

ከተሰረዘ ደግሞ ጊዜ እየሮጠብዎት ነው። የሴልስፎርስ መጣያ የሚይዘው ለ15 ቀን ነው፤ የጉግል ካላንደር መጣያ ለ30 ቀን ገደማ። የጉግሉ መጣያ በኮምፒውተር እንጂ በስልክ መተግበሪያው አይከፈትም፤ ሠራተኛው «ፈልጌ አጣሁት» ቢልዎ በምን እንደፈለገ ይጠይቁ። ማን እንደሰረዘው የሚታወቀው በጉግል አድሚን ገጽ ካለው የካላንደር ክንውን መዝገብ ነው፤ 6 ወር ወደ ኋላ ያሳያል። በሴልስፎርስ በኩል የቅንብር ለውጦች መዝገብ 180 ቀን ስለሚይዝ ማመሳሰሉ የተለወጠበትን ቀንና የለወጠውን ሰው ያገኙበታል። ከመወቃቀስ በፊት ግን አንድ ነገር ይረዱ፦ ማመሳሰሉ በሁለት አቅጣጫ ከሆነና ስረዛንም የሚያሻግር ከሆነ፣ ሠራተኛው ስልኩን ለማጽዳት ያለፈ ቀጠሮ ሲሰርዝ ከደንበኛው ታሪክ ላይ እየሰረዘ መሆኑን አያውቅም። ተጋባዥ የሆነ ሰው ከራሱ ካላንደር ቢያነሣው ለሌላው ይቆያል፤ ቀጠሮውን የጠራው ሰው ከሰረዘው ግን ለሁሉም ይሰረዛል። የእናንተ ቀጠሮ ጠሪ በአብዛኛው የሽያጭ ሠራተኛው ራሱ ስለሆነ ጉዳቱ ሙሉ ነው።

በየሳምንቱ የሚደጋገም ቀጠሮ ላይ «ይህንና ተከታዮቹን» ብሎ የለወጠ ሰው ካለም ይጠይቁ። ጉግል በዚያ ጊዜ የመጀመሪያውን ተከታታይ እዚያ ላይ ቆርጦ ለቀሪው አዲስ ተከታታይ ይፈጥራል፤ የድሮው በድንገት ያለቀ ይመስላል። ከጎን ያለው አዲሱ መሻገሩን ያረጋግጡ።

የተሰወሩትን በአጭሩ አነሣለሁ። ሥራ አስኪያጁ «የለም» ሲል ባለቤቱ «አለ» ካለ የማየት ፈቃድ ነው፤ የካላንደር ማጋሪያ ደንባችሁ ዝርዝርን የሚደብቅ ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮው «የግል» የሚል ምልክት ካለው ደግሞ ሌላው ሰው ዝርዝሩን አያነብም። ድርጅቱን የለቀቀ ሠራተኛ ቀጠሮዎች በእርሱ ስም ይቀመጣሉ፤ «የእኔ» በሚል የተጣራ እይታ አያመጣቸውም። የለቀቀ ሰው የጉግል መለያ ከተሰረዘ ደግሞ መመለስ የሚቻለው በ20 ቀን ውስጥ ብቻ ነው፤ መለያውን ከመሰረዝ በፊት ካላንደሩ ለተተኪው ይተላለፍ።

ባክአፕን በተመለከተ የሚጠብቁትን ዝቅ ያድርጉ። ሴልስፎርስ እንደ ፈቃዳችሁ ደረጃ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ሙሉ መረጃውን የማውጣት አገልግሎት አለው፤ ይህ ግን አንድ ሰው አስቀድሞ ካላዘዘው አይሠራም፤ የሚወጣው ፋይልም ኢሜይሉ ከተላከ ከ48 ሰዓት በኋላ ይወገዳል፤ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። ፋይሉን አውርዶ የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ ባክአፕ አላችሁ ማለት አይቻልም። ኩባንያው በ10,000 ዶላር የሚሰጠው የነበረውና እ.ኤ.አ. በ2020 አቋርጦ በ2021 የመለሰው የመረጃ ማስመለሻ አገልግሎትም ሳምንታት የሚወስድና የመጨረሻ አማራጭ ተብሎ የቀረበ ነው፤ ለጥቂት ደርዘን ቀጠሮ አይታሰብም። ከዛሬ ጀምሮ የሳምንቱ ማውጫ ይታዘዝ፤ አውርዶ የሚያስቀምጠውም ሰው በስም ይመደብ።

የሥራው ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነው። ዛሬ መሰረዝና ደግሞ መመዝገብ ይቁም፤ ሁለቱን መጣያዎች ዛሬውኑ ይክፈቱ፤ 15ኛው ቀን የሚሞላው ቀጠሮ አንዱ ነገ ሊሆን ይችላልና። ነገ የኤክስፖርት ኦል ፋይሉ ይውጣና ዘጠኙ ናሙናዎች ይፈለጉ። በዚያው ቀን የ14ቱም ሠራተኞች የሰዓት ክልልና የግንኙነት ሁኔታ ይታይ፤ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይወስድም። የ600ዎቹ ልወጣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ማመሳሰሉን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚመልሱትም እነርሱ በቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ ነው። ስረዛ እንዲሻገር የሚያደርገውን ምርጫ ግን እኔ ብሆን ዘግቼው እተወው ነበር፤ ካላንደር ላይ የቀረ የሞተ ቀጠሮ ከደንበኛ ታሪክ ላይ ከተነቀለ ቀጠሮ ይሻላል።

በሁለቱም መጣያ፣ በኤክስፖርት ኦል ፋይሉም ሆነ በቀድሞ ማውጫ ያልተገኘ ቀጠሮ ካለ ከሥርዓቱ ውስጥ አይመለስም። ለእነዚያ የቀረው የኢሜይል ግብዣው ነው፦ ጉግል ለተጋባዦች የላከው ግብዣ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ ፋይል አባሪ አለው፤ የሚገኘውም በተጋባዡ እንጂ በጠሪው ሳጥን ውስጥ አይደለም። ጠሪው ዘንድ የሚገኘው «ተቀብሏል» የሚለው ምላሽ ነው፤ በርዕሱ ላይ ግን የቀጠሮው ስምና ቀን ስለሚኖር መልሶ ለመመዝገብ ያ ይበቃል። ደንበኛው ምላሽ ያልሰጠባቸውን ቀጠሮዎች ደግሞ ስልክ ደውሎ ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።